መሬት የሆነው ግድግዳ

አገሩ የት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ለእኔ የነገሩኝ ሰዎችም ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። በዚያ አገር መሬቱ በሙሉ የንጉሡ ነበረ። እርሻው ብቻ አይደለም፤ መንገዱ፣ ደጁ፣ ከአልጋ ሥር ያለው ወለል ሳይቀር የንጉሡ ነበረ። ሰው አደናቅፎት ቢወድቅ አቧራውን ከማራገፉ በፊት "ሳላስፈቅድ ተኛሁብህ" ብሎ መሬቱን ይቅርታ ይጠይቃል። ሕፃን ሲወለድ የሰፈሩ ሹም መጥቶ "ይርገጥ" እስኪል ድረስ በእቅፍ ይያዛል፤ ሹሙ ሲዘገይ እየታዘለ ጥርስ ያወጣ ልጅ ብዙ ነበር። መሬት ላይ አበባ መትከል ክልክል ነው። ሠርግ ያለበት ሰው ከቤተ መንግሥቱ አትክልት ቦታ አበባ ይዋስና በማግስቱ የጠወለገውን ይዞ ሄዶ "እንደ ተሰጠኝ መለስኩ" ይላል። ተረካቢውም የጠወለገውን ዐይኑ እያየ "እውነት ነው፣ እንደ ሰጠንህ ነው" ብሎ ይቀበለዋል።

ሰው የራሴ የሚለው ከመሬት በላይ ያለውን ብቻ ነበር። ሕጉ አጭር ስለሆነ አፍ የፈታ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፦ "ከቁርጭምጭሚት በታች የንጉሥ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የባለቤቱ።" ግድግዳና ጣሪያ፣ በርና መስኮት የሠራው ሰው ነው። ስለዚህም በዚያ አገር ሰው ሀብቱንም ኩራቱንም የሚያኖረው ግድግዳው ላይ ነበር።

በከተማይቱ መካከል "ፊት ለፊት" የሚባል የነጋዴዎች መንገድ ነበረ። ሱቆቹ በሁለት ረድፍ ተፋጥጠው የቆሙ ናቸው፤ መንገዱም ጠባብ በመሆኑ አንድ ነጋዴ ዕድሜውን ሙሉ ሲያይ የሚኖረው የራሱን ሱቅ ሳይሆን የማዶኛውን ነው። "በሚስት ብትሳሳት ትፈታለህ፤ በማዶኛ ብትሳሳት ግን ምን ታደርጋለህ?" ይላሉ የመንገዱ ሰዎች።

ላቀው በዚህ መንገድ ላይ ባርኔጣ ሰፊ ነበር። እጁ የተባረከ፣ መርፌው ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ሰፍቶ የሸጠው ባርኔጣ ከባለቤቱ ዕድሜ የሚተርፍ ሰው ነበር። የሱቁን ግድግዳ ቀይና ወርቃማ ቀለም ቀብቶ በላዩ ላይ በር የሚያህል ትልቅ ባርኔጣ ሥሎበታል። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ነጋዴዎቹ የፊት በዓል የሚሉትን ያከብራሉ። በዚያን ቀን የመንገዱ ታላቅ ሽማግሌ አባ ይርዳው ሰው እየደገፋቸው ከላይ እስከ ታች ይሄዱና ካዩት ሁሉ የሚበልጠውን ግድግዳ "የመንገዱ ዓይን" ብለው ይሰይማሉ። የተሰየመው ሰው በግብዣው ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ዓመቱን ሙሉም የመንገዱ ጠብ የሚታረቀው በእርሱ ደጃፍ ላይ ነው። ይህ ክብር ከላቀው ቤት ሳይወጣ ብዙ ዓመት ኖሯል። ከመቆየቱ የተነሣ ላቀው አብሮት የተወለደ ነገር ይመስለው ጀምሮ ነበር።

ማዶኛው ጥሩአየሁ ነበረች። ጥሩአየሁ ሸክላ ትሸጣለች። ሳቂታ ናት፤ ስትናገር እጇ አያርፍም፤ አንዱን ወሬ ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች። ግድግዳዋ እንዲሁ የተለሰነ ጭቃ ነበር። ላቀው በየማለዳው ሱቁን ከፍቶ ያንን ግድግዳ ሲያይ ደስ ይለው ነበር፤ ለምን ደስ እንደሚለው ግን ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

በአንዱ ክረምት ኃይለኛ በረዶ ወረደና የጥሩአየሁን ጣሪያ ጥሶ ሸክላዋን አደቀቀው። እንስራው፣ ጋኑ፣ ማሰሮው ሁሉ አንገቱ ካካሉ ተለያየ። ስብርባሪ መሬት ላይ መጣል ደግሞ ወንጀል ነው። ጎረቤት ሁሉ ምን ይዋጣት ይሆን እያለ ከንፈሩን ሲመጥ፣ ጥሩአየሁ ስብርባሪዋን መደርደሪያ ላይ ከምራ ጥቂት ቀን ስታየው ሰነበተች። ከዚያ መሰላል አቆመችና ግድግዳዋ ላይ ወጣች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አላት ላቀው ከደጃፉ ሆኖ።

"እስኪ ልየው" አለች፤ "ሐሳቡ መጥቷል፣ እጄ ይችለው እንደሆን ነው የማላውቀው።"

የተሰበሩትን አንገቶች አፋቸውን ወደ ላይ አዘንብላ በኖራ እየለጠፈች ግድግዳው ላይ ተከለቻቸው። መጀመሪያ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ቦታ ለክታ መስመር አሰመረች፤ ከዚያ በታች አንድም ገል አላስነካችም። ነፋስ ከዓመት ዓመት ጣሪያዋ ላይ ያከማቸውን አፈር እዚያው ከበቀለው ቅጠላ ቅጠል ጋር ጠራርጋ ሞላችባቸው። ከላይ ጫፍ ላይ በረዶው አፏን ብቻ የሸረፋትን ትልቅ እንስራ ጋደም አድርጋ ሰቀለች።

ላቀው ሳቀ። ለቀኙም ለግራውም ጎረቤት "ጥሩአየሁ ግድግዳዋን ጥርስ አበቀለችለት" እያለ አወራ። ቅናት ሲጀምር ሳቅ ነው የሚመስለው።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ግን ግድግዳው ተናገረ። ጥሩአየሁ ከላይ ካለችው እንስራ አፍ ጀምራ ብርማውን አሪቲ ብቻ ወደ ታች ተክላ ነበር። አሪቲው ሲያድግ ከእንስራው የሚፈስ ውሃ መሰለ። ውሃው እየሰፋ ወርዶ በሶብላና ናና ካለበት ደረሰና አረንጓዴ ኩሬ ሆነ፤ በኩሬው ዳርና ዳር ዳማከሴ፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም ተሰለፉ፤ አልፎ አልፎ ቀይ ጽጌረዳ ወጣ። ነፋስ ሲመጣ አሪቲው ይታጠፍና ውሃው በእውነት የሚወርድ ይመስላል። ሰው ሁሉ ሳያስበው እግሩን ሰብሰብ ያደርግ ነበር፣ እንዳይረጥብ።

የአገሩ ሰው አበባ በውሰት ካልሆነ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር መጣ። ግድግዳው በደንብ የሚታየው ደግሞ ከአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከላቀው ደጃፍ።

ከማለዳ ጀምሮ የላቀው ደጃፍ በሰው ይሞላል፤ ሁሉም ጀርባውን ለላቀው ሰጥቶ ይቆማል። ላቀው የሰው ፊት ማየት ቀረና ማጅራት ሲቆጥር ይውል ጀመር። ባርኔጣ ሊገዛ የገባ ሰው እንኳ መስተዋቱን ሲሰጡት አዘንብሎ በትከሻው በኩል የጥሩአየሁን ግድግዳ ያይበታል።

"ልክህ ነው?" ይለዋል ላቀው።

"ውሃ ነው እኮ የሚመስለው!" ይላል ሰውየው።

"ባርኔጣውን ነው የምልህ።"

"እ? አዎ፣ እሱም ደህና ነው።"

"እሱም ደህና ነው" የሚለው ቃል በላቀው ጉሮሮ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተቀረቀረ። በዚያ ላይ ሚስቱ ብርቄ መንገዱን ተሻግራ የበሶብላ ቅጠል ይዛ መጣችና ወጥ ውስጥ ጨመረችው። ላቀው አንድ ጉርሻ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ።

"ምን ሆንክ? ጣፍጦ የለም እንዴ?"

"ጣፍጧል" አለ ላቀው፤ ጉዳቱም ይኸው ነበር።

"ጥሩአየሁ እኮ ለማንም አትከለክልም፤ የፈለገ ይቀንጥስ ነው የምትለው። አንተም ለጉንፋንህ ዳማከሴ ..."

"ጉንፋን የለብኝም!" አለና አስነጠሰው።

ላቀው ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ከእርሷ የሚበልጥ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። ያልተሸጡ ባርኔጣዎቹን ገልብጦ ከታች እስከ ላይ ግድግዳው ላይ ሰቀላቸው፤ ከጣሪያው አፈር ጠርጎ ሞላቸው፤ ከራሷ ከጥሩአየሁ ቅጠል ቀንጥሶ ተከለባቸው። ለማየት እንኳ ደስ ይሉ ነበር። ችግሩ ላቀው መጠበቅ አለመቻሉ ነበር፤ ቶሎ ይደጉልኝ ብሎ በጠዋት ያጠጣል፣ በቀትር ያጠጣል፣ ማዶ ሰው በሳቀ ቁጥር ያጠጣል። የባርኔጣው ቆዳ ሻገተ፤ ቀለሙ ለቀቀ። አንድ ቀን የሙሽራ እናት ነጭ በነጭ ለብሳ ከበታቹ ቆማ ማዶ ስታይ ሳለ ትልቁ ባርኔጣ ተቀደደና ቀይ ጭቃውን እላይዋ ላይ ዘረገፈው። ሴትየዋ ስትጮህ፣ ሰው ሲስቅ፣ ጥሩአየሁ ውሃና ጨርቅ ይዛ እየሮጠች ተሻገረች።

ሴትየዋን ካጠበች በኋላ የተቀደደውን ባርኔጣ አገላብጣ አየችና "ሐሳቡ እኮ ግሩም ነበር" አለችው። "ከሥሩ ቀዳዳ ብታበጅለት ኖሮ ይይዝልህ ነበር። ነገ መጥቼ ላሳይህ?"

ከልቧ ነበር የምትለው። ላቀውም ከልቧ መሆኑን ዐወቀ። ብታላግጥበት ይሻለው ነበር።

የፊት በዓል ደረሰ። አባ ይርዳው ሁለት ሰው ደግፏቸው መንገዱን ወረዱ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ግድግዳውን ሁሉ በአፍንጫቸው ጫፍ ያዩት ነበር። የተሰቀሉት ባርኔጣዎች ወርደውለት በነበረው የላቀው ግድግዳ ፊት ቆሙ፤ ላቀውም እንደ ልማዱ ራሱን ዝቅ አደረገ። አባ ይርዳው ግን አየር ሳቡ፤ ደግመው ሳቡ፤ ፊታቸውን አዞሩ።

"ልጆቼ፣ ዘንድሮስ የመንገዱ ዓይን ማዶ ነው" አሉ።

ሰው እልል አለ። ላቀውም አጨበጨበ፤ ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው እርሱ ነበር፤ መዳፉ እስኪግል። በግብዣው ላይ ከጥሩአየሁ ቀጥሎ አስቀመጡት። እርሷም እየሳቀች "ጠጋ በል እንጂ፣ ቦታው ሰፊ ነው" አለችው። ቦታው ሰፊ መሆኑን ከእርሱ በላይ ማን ያውቃል? ስንት ዓመት ተቀምጦበታል።

በማግስቱ ላቀው ሱቁን ሳይከፍት ወደ ጥላ ሹሙ ሄደ።

የጥላ ሹም በዚያ አገር ትልቅ ሹመት ነው። የማን ጥላ በንጉሡ መሬት ላይ ምን ያህል ተጋደመ የሚለውን የሚለካ፣ የመሬትን አቤቱታ ሁሉ የሚሰማ እርሱ ነው። በዚያን ጊዜ ሹሙ አዛዥ መሸሻ ነበሩ። በእርሳቸው ችሎት አቤት ባይ የሚቆመው በአንድ እግሩ ነው፤ ሁለት እግር የንጉሡን መሬት ያለ አግባብ ይይዛል ተብሎ። እግሩ የዛለ ሰው ነገሩ እውነት አይደለም ይባልና ይባረራል።

ላቀው አንድ እግሩን አንሥቶ "ጌታዬ፣ ማዶኛዬ ጥሩአየሁ ግድግዳዋን አትክልት አድርጋዋለች" አለ።

"ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው ወይስ በታች?"

"በላይ ነው ጌታዬ።"

"በላይ ከሆነ የእርሷ ነው። ሌላ?"

ላቀው ሚዛኑን ሊስት ምንም አልቀረውም። ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችል ነበር። የማጅራቱ ሰልፍ ግን ዓይኑ ላይ መጣበት።

"ጌታዬ፣ አፈር አለበት" አለ።

በችሎቱ ውስጥ ያሉት ሹማምንት ሁሉ ስሙ እንደ ተጠራ ሰው ቀና አሉ። አዛዥ መሸሻ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"አፈር አልክ?"

"አፈር ጌታዬ። ከጣሪያ የተጠረገ ነው ትላለች።"

"የትም ይጠረግ" አሉ አዛዥ መሸሻ በቀስታ። "አፈር ያለበት ምንድን ነው? መሬት ነው። መሬት የማን ነው?"

"የንጉሡ" አለ ላቀው። የፈለገው ገሎቹ እንዲወርዱ ብቻ ነበር፤ ግድግዳው እንደ ድሮው የተለሰነ ጭቃ እንዲሆን። ከዚያ በላይ አላሰበም። እግሩን አወረደና እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሹማምንቱ ገመድና መሰላል ይዘው መጡ። አዛዥ መሸሻን በወንበር ተሸክመዋቸው ነበር። ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ላቀውም በመስኮቱ በኩል እርሳቸውን አያቸው። ፊታቸው ላይ ያየው ቁጣ አልነበረም፤ እርሱ ራሱ በመስተዋት የሚያውቀው ነገር ነበር። ቤተ መንግሥቱ እንዲህ ያለ የለውምና።

ሹማምንቱ ጉባኤ ተቀመጡ። አንዱ "አፈር ያለበት ሁሉ መሬት ከሆነ፣ ቁርጭምጭሚት የሚለካው ከመሬት ከሆነ፣ እዚህ ቤት ቁርጭምጭሚት ከየት ይለካል?" ብሎ ጠየቀ። መሰላል አቁመው ወጡ፤ ከላይ ካለችው እንስራ አፈር ጀምረው ለኩ። ቁርጭምጭሚቱ ጣሪያው ጋ ደረሰ። እንግዲህ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ፣ ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ የንጉሡ ሆነ። ሌላው ሹም ተነሣና "መሬት አይዘልም" አለ። "መሬት በአንድ ቤት ደጃፍ ጣሪያ ደርሶ በሌላው ደጃፍ ታች ሊሆን አይችልም። የመንገዱ ከፍታ አንድ መሆን አለበት።" ይህም ትክክል ነው ተባለ። ገመዱን ከጥሩአየሁ እንስራ አፍ አንሥተው በመንገዱ ግራና ቀኝ ወጠሩት፤ ከገመዱ በታች ያለው ሱቅ ሁሉ መሬት ሆነ። የላቀው ቀይና ወርቃማ ግድግዳም፣ የተሣለው ባርኔጣም ከገመዱ በታች ነበሩ።

አዋጅ ነጋሪው መንገዱ መሐል ቆሞ ጮኸ፦ "ስማ! ያልሰማህ ስማ! በታማኙ ባርኔጣ ሰፊ በላቀው ጥቆማ የንጉሣችን መሬት እስከ ጣሪያ አድጓልና ደስ ይበልህ! ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ መሬቱን ልቀቅ!"

ላቀው "የእኔን ሱቅ አይደለም፤ እኔ የእኔን አላልኩም" ብሎ ለአዛዥ መሸሻ ተናገረ። እርሳቸውም ትከሻውን ቸብ አድርገው "ለአንተማ ሹመት አለህ" አሉት። "ይህ ተክል ከዛሬ ጀምሮ የንጉሥ ነው። የንጉሥ ተክል ሲጠወልግ ክህደት ነው። ጠባቂው አንተ ነህ።"

በማግስቱ ነጋዴዎቹ የሚሸከሙትን ተሸክመው ወጡ። ላቀውን የሰደበው የለም። እያንዳንዱ ሰው በደጃፉ ሲያልፍ ግን ላቀው የሰፋለትን ባርኔጣ ከራሱ እያወለቀ በሩ ላይ ሰቀለለት፤ በሩ ሲሞላ በመስኮቱ፣ መስኮቱ ሲሞላ በላቀው ክንድ ላይ አንጠለጠሉለት። አባ ይርዳው እየተደገፉ መጥተው የእርሳቸውን እላዩ ላይ ደፉለት። ጥሩአየሁ ባርኔጣ አልነበራትም። ግድግዳዋን ቀና ብላ አየች፤ አንድ ቅጠል ልትቀነጥስ እጇን ዘረጋችና የንጉሥ መሆኑ ትዝ ሲላት መለሰችው።

ብርቄም ጠቅልላ ወጣች። "ሰው በሌለበት መንገድ ከማን ጋር ላወራ ነው እኔ የምቀረው?" አለችው። እርሱ "እኔስ?" ሲላት "አንተማ ሹም ሆነሃል" አለችና ነጋዴዎቹን ተከትላ ሄደች።

አሁን ላቀው ከጠዋት እስከ ማታ ከግድግዳው ጋር ብቻውን ቀረ። የሚቆም ማጅራት የለም፤ የሚስቅ የለም። ሲመኘው የኖረው ነገር በእጁ ገባ። ግን ሳምንት ሳይሞላ አሪቲው ጫፉ ይጠቁር ጀመር። ቢያጠጣው ባሰበት፤ ቢያስጠማው ባሰበት። ውሃው መፍሰሱን አቁሞ የደረቀ ፏፏቴ መሰለ። ላቀው የንጉሡን ቁጣ ፈራ፤ ከዚያም በላይ ደግሞ ሰው ባያይም ሰው የሚያይ ይመስለው ነበር፤ "በእርሷ እጅ እንዲህ ነበር፣ በእርሱ እጅ እንዲህ ሆነ" የሚል።

ስለዚህ ኀፍረቱን ዋጥ አድርጎ ነጋዴዎቹ ወደ ሰፈሩበት ሄደ። እነርሱ የሰፈሩት ከከተማው በታች ካለው ረግረግ ላይ ነበር። ቦታው በክረምት ውሃ፣ በበጋ ጭቃ ስለሆነ ሹማምንቱ መሬት ይሁን ውሃ ገና ተከራክረው አልጨረሱም። ነጋዴዎቹ ሳንቃ አንጥፈው፣ ዕቃቸውን በትከሻቸው ይዘው ይሸጣሉ።

ላቀው ከሩቅ የሰው ክምችት አየ። ሰዉን እየገፋ ቀረበ። ጥሩአየሁ ከድንኳን ሸራ የተሰፋ ካባ ለብሳለች፤ ካባው ላይ ከትከሻ እስከ ጉልበት ኪስ በኪስ ነው፤ በየኪሱ የረግረጉ ጭቃ ሞልቶበት፣ ጎረቤት ቀድሞ ከቀነጠሰው የተተከለ በሶብላ፣ ናና፣ ጤና አዳም፣ ቃሪያ ሳይቀር በቅሏል። ስትራመድ አትክልቱ አብሯት ይራመዳል፤ ስትዞር ይዞራል። ሰው እየተከተለ ከጀርባዋ ይቀነጥሳል፤ እርሷም "ቀስ! እሱ ገና ልጅ ነው" እያለች ትስቃለች።

ላቀው ሁሉን ነገር ወስዶባት ነበር። ባዶዋን ቀርታ እንደገና ከእርሱ ትበልጣለች። ያችን ሰዓት የተሰማው ጸጸት ነበር ብል እዋሻችኋለሁ፤ ያው የድሮው እሳት ነበር፣ እንዲያውም ብሶበት።

አየችውና ሳቋን አቆመች።

"አሪቲው ጠቆረ፣ አይደል?" አለችው።

"እንዴት ዐወቅሽ?"

"ከሥር ከሥር ታጠጣለህ። አንተ ትዕግሥት የለህም። ውሃው ከላይ ካለችው እንስራ ብቻ ነው የሚገባው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ጥቂት በጥቂት። ከአንዱ አፍ ሞልቶ ወደ ሌላው ይውረድ፤ አንተ ጣልቃ አትግባ።"

ላቀው ሊሄድ ዞሮ ተመለሰ። "ለምን ነገርሽኝ? እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ።"

"አገር ያውቃል፤ አዋጅ ተነግሮብህ የለም እንዴ።" ጥሩአየሁ ከኪሷ የደረቀ ቅጠል ለቅማ ጣለች። "ለአንተ ብዬ አይደለም። ያ ግድግዳ ሲጠወልግ የሚሰደበው የእኔ እጅ ነው። የሠራሁት ነገር ሲበላሽ አልወድም።"

ላቀው ያለችውን አደረገ። አሪቲው ተመለሰ፤ ውሃው መፍሰስ ጀመረ። የቤተ መንግሥት ሰዎች እየመጡ ያዩትና "ይህ ነው የጥሩአየሁ ግድግዳ የሚባለው?" ይሉ ነበር። በአዋጅ "የንጉሥ ግድግዳ" ተብሎ ሳለ ሰው ሁሉ የጥሩአየሁ ግድግዳ ነው የሚለው። ላቀው በመሰላል ላይ ቆሞ እያጠጣ ይህን ይሰማል።

አንድ ቀን አዛዥ መሸሻ በወንበራቸው መጡ። ግድግዳውን አዩና ደስ አላቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን አኮሳተሩ።

"አንዲት ሴት የንጉሥን አፈር በጀርባዋ ተሸክማ ትዞራለች የሚል ወሬ ሰምተናል" አሉት። "ስንልክ ሰው ሁሉ ካባ ለብሶ ይጠብቀንና የቷ እንደሆነች መለየት አልቻልንም። አንተ መልኳን ታውቃለህ። ና ጠቁመን። ከዚያ በኋላ የዚች ሴት ስም በዚህ አገር አይጠራም፤ የጠራው ይቀጣል። ግድግዳው የላቀው ግድግዳ ይባላል።"

ላቀው መሰላሉ ላይ እንዳለ ቀረ። የላቀው ግድግዳ። ቃሉን በልቡ ደገመው፤ ጣፈጠው። ጣፋጭነቱን ለመካድ አልሞከረም። ግድግዳውን አየ፤ የገሉን አቀማመጥ፣ የአሪቲውን አወራረድ አንድ በአንድ ያውቀዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ሊሥለው ይችላል። ከዚያ የእርሷን ፊት ለማሰብ ሞከረ። ዓይኗ ምን ዓይነት ነው? ሳቋ ትዝ ይለዋል፤ የእጇ መወራጨት ትዝ ይለዋል። ፊቷ ግን አልመጣለትም።

"ጌታዬ፣ መልኳን አላውቀውም" አለ።

"ምን ማለትህ ነው? ስንት ዓመት ፊት ለፊቷ ኖረህ!"

"ፊት ለፊቴ የነበረው ግድግዳዋ ነው። ግድግዳዋን ነው ሳይ የኖርኩት። እርሷን አይቻት አላውቅም።"

አዛዥ መሸሻ ይዋሽ እንደሆነ ለማወቅ ትክ ብለው አዩት። ሰውየው የሚዋሽ አይመስልም ነበር። ግራ ሲገባቸው ተቆጡ፤ "ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው የንጉሥን ተክል አይጠብቅም" ብለው ከሹመቱ ሻሩት። ላቀው ከመሰላሉ ወረደ፣ መርፌና ክሩን ብቻ ይዞ መንገዱን ለቆ ሄደ።

ረግረጉ ላይ ሲደርስ ብርቄ ከሳንቃው ጫፍ ሆና አየችው፤ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ጥሩአየሁ ካባዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በአፈሩ ክብደት የተተረተረ ኪስ በማይረባ ስፌት ስትጠቅም አገኛት። ላቀው አጠገቧ ቆሞ ስፌቱን አየና አላስችል አለው።

"እንዲህ አይደለም። በሁለት ድርብ ክር ነው። ስጪኝ።"

ቀና ብላ አየችው። እርሱም ይህን ጊዜ ፊቷን አየ፤ ግንባሯ ላይ በበረዶው ሰሞን የሸክላ ስባሪ የቧጠጣት ጠባሳ ነበረባት። ካባውን አቀበለችው።

ከዚያ ወዲያ የረግረጉን ካባ ሁሉ የሚሰፋው ላቀው ሆነ። ሹማምንቱ እስከ ዛሬ ካባ መሬት ይሁን ልብስ ሲከራከሩ ነው አሉ። ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ካባውን እየዞረ ያያል፣ "ናናው እንዴት ያምራል! በሶብላው እንዴት ይሸታል!" ይላል። ስለ ስፌቱ አንድም ሰው አንድም ነገር ተናግሮ አያውቅም። ላቀው ይህን ሁሉ ይሰማል፤ ጥርሱን ነከስ ያደርጋል፤ ክሩን በጥርሱ ይበጥስና የሚቀጥለውን ኪስ ይጀምራል።